ነጩ ጢማም ስንት ጣት ይቀበራል?

ሐምሌ 8

ለተከበሩ ጋሽ መቀስ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ደኅና ነኝ። ያውም በጣም ደኅና ነኝ፤ ለቅሶዬን ለሚጠብቁት ሁሉ ይህቺን መስመር ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅር ይበሉኝ። ብጽፍ የሚወጣኝ ስድብ ብቻ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ስድብ በፖስታ ሲመጣ ይቀዘቅዛል የሚሉ ሰው ነዎት።

የላኩልኝ የጫማ ካርቶን ደርሷል። የአውቶቡሱ ሾፌር ከፍቶ አይቶ "ይሄ ሁሉ ዝንጅብል ለማን ነው?" አለኝ። አልፈረድኩበትም። የአይሪስ አበባን ሥር ለማያውቅ ሰው ዝንጅብል ነው። ዐሥራ ስምንቱም በሰላም ገብተዋል። የአንዱ ጫፍ ለስልሶ ነበር፤ የለሰለሰውን በቢላ ቆርጬ ጣልኩና ቁስሉን ሁለት ቀን ፀሐይ አስመትቼ ተከልኩት። ቅጠላቸውን እንደ ማራገቢያ አስተካክለው በግማሽ መቁረጥዎን ሳይ ሳቄ መጣ። ከማን እጅ እንደወጡ ለማወቅ ፊርማ አያስፈልግም።

አዎ፣ መጽሐፉን አይቼዋለሁ። የምሠራበት የዘር መደብር ድረስ አምስት ቅጂ መጥቶ፣ ካርቶኑን የከፈትኩት እኔው ነኝ። "የነጭ ጢማም አይሪስ አያያዝ" ይላል፤ ከሥሩ የባለ ጓንቱ ስም ከነማዕረጉ። ሦስት ዓመት ከእናንተ ጋር መደብ ላይ ተንበርክኬ የጻፍኩት መጽሐፍ ነው፣ ጋሼ። የአትክልት ስፍራችን ዋና ኃላፊ ሆኖ በቆየበት ዘመን ሁሉ ጓንቱ አንድ ቀን አፈር ነክቶት አያውቅም፤ ቅጽል ስሙንም ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ እንጂ እኔ አይደለሁም። በመጽሐፉ ምርቃት ዕለት ተነስቼ "የኔ ስም የት ሄደ?" በማለቴ ከሥራ ተባረርኩ። "ምናለ ዝም ብትዪ ኖሮ" የሚሉኝ አሉ። ዝም የምል ብሆን ኖሮ እናቴ በአርባ ዓመቷ ባልሸበተች ነበር።

ግን ገጽ ዐሥራ አራትን አንብበውታል? እኔ የጻፍኩት "ሥሩ ሲተከል ጀርባው ከአፈር በላይ ይታይ፤ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ብቻ ጥሎ እንደተኛ ሰው" የሚል ነበር። እሱ ግን አርሞኛል! "ሥሩ እንዳይታይ አንድ ስንዝር ጠልቆ ይቀበር" ብሎታል። የሰረቀውን ልብስ በልኩ አስጠብቦ ለበሰው። መደብሩ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ደንበኞች ዞረው አዩኝ።

ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ስሜ ጽሑፌ ላይ እንዲመለስ። አቤቱታዬን ለአትክልት ስፍራው ቦርድ አስገብቻለሁ። ከእርስዎ ደግሞ አንዲት መደብ እለምናለሁ። ዋናዎቹን መደቦች በመጽሐፉ መሠረት ትከሉ ካሏችሁ ይትከሉ፤ ሥራዎ ነው። ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባቧን ግን በኔ ዓይነት ይትከሉልኝ።

ግቢያቸውን ለአይሪሶቹ የፈቀዱልኝ አከራዬ ሰላም ብለዋል። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሥሮቹን ጀርባ ተራቁቶ ሲያዩ "ኧረ በሰው ፊት! ሸፈን አድርጊያቸው እንጂ፣ ልጄ" አሉኝ። የሸፈንኩት ግን የእሳቸውን አፍ በሳቅ ብቻ ነው።

አክባሪዎ፣
እሾክዎ


ነሐሴ 21

ለእሾኬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔም ጉልበቴም ደኅና ነን። እሱ ትንሽ ያማርራል፣ እኔ አልሰማውም።

ማን ፈቀደልዎ ብትዪኝ፣ ማንም። መሣሪያ ቤት ጀርባ ማን ይሄዳል? ጓንት የሚያቆሽሽ ቦታ ነው። ሃያ ሥር ተክያለሁ፣ ጀርባቸው ወደ ሰማይ። በመካከላቸው አንድ አንድ ክንድ ትቻለሁ፤ አማትና ምራት ተጠጋግተው ሲኖሩ ምን እንደሚሆን አይቻለሁና።

ዋናዎቹ መደቦች ላይ ሁለት መቶ ተቀብሯል። ባለ ጓንቱ ራሱ ጥላ ተይዞለት ቆሞ አስቀበረ። "የማን ስንዝር ነው፣ ጌታዬ? የኔ ነው የርስዎ?" አልኩት። "የመጽሐፉ" አለኝ። ማስመሪያ አስመጣ። በላዩ ፍግ አስደፋበት፣ በየማለዳው ውሃ ይጠጣ ብሎ አዘዘ። "ጌታዬ፣ ይህ አበባ ጥማት ይችላል፤ የማይችለው ጥጋብ ነው" አልኩት። "አንብበህ ነው ወይስ ሰምተህ?" አለኝ። ቀብሬ ነው ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አርባ ዓመት ሠርቶ ለጡረታ ሦስት ወር የቀረው ጓደኛዬ እግሬን ባይረግጠኝ ኖሮ እንጃ።

ስለ አቤቱታሽ መስማት ትፈልጊያለሽ። የሰማሁት አለ፤ ከኔ ግን አትስሚው። ደብዳቤ ተሸካሚ እንጂ መርዶ ነጋሪ መሆን አልወድም። የሚመጣው ወረቀት ምንም ቢሆን ግን በንዴት ቀደሽ እንዳትጥዪው። ይህን ብቻ ያዢልኝ።

መቀስ


ጥቅምት 14

ጋሼ፣

እንደምን አሉ? ጉልበትዎ ሲያማርር አንዳንዴ ቢሰሙት ምን አለበት?

አልቀደድኩም። ከርስዎ እንዳልሰማ የፈለጉት ነገር በሁለት ገጽ መጣ፤ አቤቱታዬ ውድቅ ሆኗል። አይዘኑልኝ፤ እኔ ራሴ ለማዘን ጊዜ አላገኘሁም። መጀመሪያ ሳህን ወረወርኩ፣ ቀጥሎ ሳህኑ የአከራዬ መሆኑ ትዝ አለኝ፣ ከዚያ መሳዩን ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ዋልኩ።

ከውሳኔው ጋር የባለ ጓንቱ ቃል ተያይዟል፤ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ልገልብጥልዎ፦ "በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጥናት የመነጨችና በራሴ እጅ የተጻፈች ናት። አመልካቿ ከመተየብ በቀር ያዋጣችው ነገር የለም።" እያንዳንዷ! አንዲት እንኳ አላስተረፈልኝም። ሌባ ቤት ዘርፎ ሲወጣ መዝጊያውን ይተዋል፤ ይሄ መዝጊያውንም ነቅሎ ነው የሄደው። ወረቀቱን መደብሩ ውስጥ ዘር ከሚቀመጥበት መሳቢያ ከትቼዋለሁ። ደረቅና ጨለማ ነው፤ ምንም ነገር እዚያ አይበላሽም።

ስለ መደቧ አያያዝ ደግሞ፦ አፈሩ ውስጥ ጣትዎን ይክተቱ፤ እርጥበት ካገኙ ውሃ አያጠጡ። ፍግ እንዳይጠጋት። አረሙን በእጅ ይንቀሉት፤ መቆፈሪያ ሥሯን ይቆርጣል፣ ጥልቅ አይደለችምና። የቢጫውን ቅጠል ብቻ ይሰብስቡ፤ አረንጓዴውን ምን ቢያስቀይምዎ አይንኩት። መቀስዎ እንደሚያሳክክዎ አውቃለሁ።

እኔ ከአከራዬ ጋር ጦርነት ላይ ነኝ። ማለዳ ተነስተው በሥሮቹ ጀርባ ላይ አፈር ይነሰንሳሉ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ እጠርጋለሁ። ይህ ከተማ ፀሐይ ከሌላው ዓለም ሁሉ ቀድማ ወጥታ ዘግይታ የምትገባበት ነው። "እኔ በዚህ ፀሐይ ያለ ጥላ ከቤት አልወጣም፤ እነሱ ምን በደሉ?" ይላሉ። "መጽሐፉ አይፈቅድም፣ እትዬ" አልኳቸው። "የትኛው? የሰረቀው ነው የተሰረቅሽው?" አሉኝ። በመጨረሻ ታረቅን፤ በግንቡ ሥር ያሉት ስድስቱ የእሳቸው፣ ዐሥራ ሁለቱ የኔ። ድንበሩን በቀይ ክር አሰመሩት። ከክሩ ወዲያ እጄን እንዳልሰድ ተነግሮኛል።

እሾክዎ


የካቲት 3

ለእሾኬ፣

በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። ከሁለት ወር በፊት ያወቅኩትን ነገር ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። እርግጠኛ ሳልሆን ደስ ላሰኝሽ አልፈለግኩም፤ እርግጠኛ ስሆን ደግሞ ደስ ይበልሽ ማለት አሳፈረኝ። ተክሉ ምን በደለ?

ሁለት መቶው በስብሷል። በመደቦቹ አጠገብ ስታልፊ ጓዳ ውስጥ የተረሳ ድንች ይሸትሻል። አንዱን ቅጠል ይዤ ሳብ ባደርገው ያለ ምንም ትግል መጣልኝ፤ ሥሩ እንደ ገንፎ ሆኖ ከታች ቀርቷል። ባለ ጓንቱ መጀመሪያ "ውሃ ጨምሩ" አለ። እኛም ታዛዦች ነን፣ ጨመርን።

የመሣሪያ ቤት ጀርባዎቹ እንዴት ናቸው ብትዪኝ፣ ቅጠላቸው እንደ ሰይፍ ቆሟል። ከዚህ በላይ አልልም። አበባ ሳላይ ማመስገን አልወድም።

ከመጽሐፉ ገዢዎች በየቀኑ ደብዳቤ ይጎርፋል። አንዲት ነርስ "እንዳዘዙት ስንዝር ለክቼ ቀበርኩት፤ ትንሣኤው መቼ ነው?" ብላ ጽፋለች። የኃላፊው ጸሐፊ ጮክ ብላ ስታነበው ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቦርዱም መጠየቅ ጀምሯል።

አሁን የኔን ኃጢአት ልንገርሽ። ባለ ጓንቱ ጠራኝና "ያቺ ጎበዝ ልጅ የት ደረሰች?" አለኝ። ጎበዝ! አድራሻሽን ሰጠሁት። ምን ነካዎ እንዳትዪኝ። ወንበር ስቦ አቀረበልኝ። አርባ ዓመት እዚያ ቢሮ ስገባ ስወጣ ወንበር ቀርቦልኝ አያውቅም፤ ደነገጥኩ። ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ ጉልበቴን ተነሥ ብለው እምቢ አለኝ። ይቅር በይኝ።

መቀስ


መጋቢት 20

ጋሼ፣

ወንበሩን ይቅር ብዬዎታለሁ። ጉልበትዎን ግን ገና እያሰብኩበት ነው።

ምን ጻፈልሽ ቢሉኝ፣ ሰባት መስመር። "ውድ እህቴ" ብሎ ይጀምራል። ስሜ በመጽሐፉ ላይ እንዲወጣ በልግስናው ወስኗል። ለዚህም ጽሑፉ፣ "በተለይም ስለ አተካከል የሚናገረው ክፍል"፣ ከኔ ረቂቅ የተወሰደ መሆኑን ፈርሜ ልላክለት።

በተለይም! የበሰበሰውን ሁሉ በኔ ስም ሊቀብር ነው።

ግን አልዋሽዎትም። ብዕር አንስቼ ነበር። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የለመንኩት ነገር ነው፤ ስሜ፣ በዚያ ሽፋን ላይ፣ በታተመ ፊደል። አንድ ፊርማ ነው የቀረኝ። ያልጻፍኩትን ስንዝር ተሸክሜም ቢሆን ስሜ ይውጣ ብዬ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቤያለሁ። አከራዬ ቁልፍ ሊሰፉ ቀሚሴን ይዘው ገቡና ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። መርፌያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ቤቱ ሲቃጠል ቁልፍ የሚያድል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "አላየሁም" አልኳቸው። "እንግዲያው ዛሬ አየሽ።" ከዚያ ቁልፌን ሰፍተው ወጡ።

ብዕሩን ስላነሳሁት ለቦርዱ ጻፍኩበት። ያንን ፈርሞ ማኅተም ያስመታበትን ቃሉን ቅጂ አያያዝኩና እንዲህ አልኩ፦ "ኃላፊው እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር በራሱ እጅ የተጻፈች መሆኗን አረጋግጧል። የገጽ ዐሥራ አራቷን ስንዝር በተመለከተ፣ በዚህ ጉዳይ ከእሱ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ቀሩት ግን መጥታችሁ ሁለቱንም መደብ ቆፍራችሁ እዩ።" እንግዲህ አካፋዎን ያዘጋጁ።

አሁን ለሌላ ሰው የማልናገረውን ለእርስዎ ልናገር። የኔ ዐሥራ ሁለቱ ተጠብሰዋል። ሰባቱ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ደርቀው ቀሩ፤ የአምስቱ ጀርባ ተላልጧል። ከቀዩ ክር ወዲያ ያሉት የአከራዬ ስድስቱ ግን የጣት አንጓ የማትሞላ አፈር ለብሰው ወፍረዋል፤ ሁለቱ የአበባ ዘንግ አውጥተዋል። ሦስት ጊዜ እየተመላለስኩ አየሁ። የፀሐዩ ነገር ነው። እናንተ ዘንድ ቀዝቀዝ ስለሚል ጀርባው ፀሐይ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ያው ፀሐይ ይገድለዋል። ስንዝርም እርቃንም አይደለም መልሱ።

ስለዚች ዓረፍተ ነገር ነው የተባረርኩት፣ ጋሼ። እና እዚህ ከተማ ውስጥ ስህተት ናት። ለማንም እንዳይነግሩብኝ።

እሾክዎ


ግንቦት 11

ለእሾኬ፣

ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። ወንበር የማቀርብልሽ በተራዬ እኔ ነኝ።

የቦርዱ ሰዎች ማክሰኞ መጡ። ቆፍር አሉኝ፣ ቆፈርኩ። ከዋናው መደብ የወጣውን ሲያሸቱ ሁለቱ መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸው ገቡ። ከዚያ ወደ መሣሪያ ቤቱ ጀርባ ወሰድኳቸው። ልጄ፣ ያን ቀን ዐሥራ አንዱ ፈንድተው ነበር። ዘንጉ ወገቤ ድረስ ነው። ሦስቱ የአበባ ቅጠል ወደ ላይ እንደ ተጨበጠ እጅ፣ ሦስቱ ወደ ታች እንደ ተዘረጋ እጅ፣ በመካከሉ ጢማም ያሰኘችው ያቺ ቢጫ ጢም። ነጭነቱ የታጠበ አንሶላ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ነው። ነፋስ እንዳይሰብራቸው ቀጫጭን እንጨት አስደግፌ በክር አስሬያቸዋለሁ። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። እኔም ሥራ እንዳለው ሰው መቀሴን ጠረግኩ።

ባለ ጓንቱ ምን አለ ብትዪኝ፣ "መጽሐፉ የኔ ነው፣ ስንዝሯ ግን የእሷ ስህተት ናት" አለ። ሰብሳቢዋ ሽማግሌ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ያንን የፈረመበትን ወረቀት አወጡና "ታዲያ የእሷ ስህተት በእርስዎ መጽሐፍ ውስጥ ምን ትሠራለች?" አሉት። ሰውዬው ጓንቱን አወለቀ። እጁን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰው እጅ ነው። ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሯል። እዚያ የሚቀበር ነገር የለም።

መጽሐፉ እንደገና ይታተማል። በስምሽ፣ በአንቺ ብቻ። ሰብሳቢዋ "ረቂቋን ትላክ፣ አንዲት ፊደል እንዳትነካ" ብለዋል። ሥራሽም ይጠብቅሻል፤ ትመጣለች ወይ ብለው እኔን ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቅልሻለሁ?

ስለዚያች ስለነገርሽኝ ነገር አንድ ቃል አልወጣኝም። አንቺም አታውጪያት። ምክሬ ነው። የቆምሽው በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ከሥርሽ ስበሽ አታውጪያት። ዛሬ ተሳስቻለሁ ብትዪ ያ ሰው ነገ በየመንገዱ "ይሸፈን ብያችሁ አልነበር?" ይላል። መጽሐፉ እንዳለ ይውጣ። የሞቃት አገሩን ነገር ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀስ ብለሽ ታስገቢዋለሽ። ማን ያውቃል?

መቀስ


ሰኔ 2

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ተቀምጬ ጀመርኩና ቆሜ ጨረስኩት። መሣሪያ ቤት ጀርባ የቆሙትን ዐሥራ አንዱን ይሳሙልኝ። አበባቸው የረገፈውን ዘንግ ከሥሩ ይቁረጡት፤ መቀስዎ ይኸው ተፈቀደለት።

አዎ፣ እመጣለሁ። በነሐሴ፣ የተረፉትን ሥሮች ከፋፍዬ ካከፋፈልኩ በኋላ።

ምክርዎን ግን አልተቀበልኩም። ይቅር ይበሉኝ፤ ከርስዎ አፍ የወጣ ምክር ስመልስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ማን ያውቃል ብለውኛል። እኔ አውቃለሁ። ያቺ ነርስ የምትኖርበት ከተማ እንደዚህኛው ሞቃት ቢሆንስ? መጀመሪያ በእሱ ስም ቀበረች፣ አሁን በኔ ስም ልትጠብስ ነው። እኔ ስሜን የፈለግኩት ከሽፋኑ ላይ ለማየት ብቻ አልነበረም፤ ሰው አበባው ሲሞትበት ማንን እንደሚሰድብ እንዲያውቅ ነው። ባለ ጓንቱ ከፈለገ ይሳቅ። ለመሳቅ ስንዝርና የጣት አንጓን አንድ ማድረግ አለበት፤ ያን ደግሞ ድሮም ይችልበታል።

ስለዚህ ገጽ ዐሥራ አራትን እንደገና ጻፍኩት። "አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት የሥሩ ጀርባ ይታይ። ፀሐይ በሚያቃጥልበት የጣት አንጓ የማትሞላ ስስ አፈር ይልበስ። ይህን ሁለተኛውን አላውቀውም ነበር፤ ተከራክሬም ተሸንፌበታለሁ። ያስተማሩኝ..." ይልና የአከራዬን ስም ከነአባታቸው ያስከትላል። ሥራቸውንም ጽፌያለሁ፤ ልብስ ሰፊ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሲያጣጥፉ ገጹን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። አንዴ አነበቡት፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። ደግመው አነበቡት። ያለቅሳሉ ብዬ እኔ ራሴ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"የአያቴ ስም የታለ?"

"እትዬ፣ መስመሩ ሞላ እኮ" አልኳቸው።

"ጠበብ አድርገሽ አስገቢው። እኔ ስንቱን ወፍራም ሰው በሁለት ክንድ ጨርቅ አልብሼ ድሬያለሁ።"

ጠበብ አድርጌ አስገባሁት። ረቂቁ ነገ በፖስታ ይወጣል። ማተሚያ ቤት ሲደርስ እዚያው ይቁሙልኝ፤ ከኔ ስም ላይ አንድ ፊደል ቢጎድል እታገሳለሁ፣ ከሦስቱ የእሳቸው ስሞች ግን አንዱንም እንዳይነኩ።

እሾክዎ